የኖርዘርን ሴኩሪቲስ ፍርድ

የኖርዘርን ሴኩሪቲስ ፍርድ የዩናይትድ ስቴትስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 1904 በአምስት ለአራት ድምፅ የሰጠው ውሳኔ ነው። ፍርድ ቤቱ ሁለት ተፎካካሪ የባቡር ኩባንያዎችን በአንድ እጅ ያስገባውን ድርጅት ንግድን መገደብ የሚከለክለውን የ1890ውን የሸርማን ሕግ ጥሷል ብሎ፣ በያዛቸው አክሲዮኖች ድምፅ እንዳይሰጥና የትርፍ ድርሻ እንዳይቀበል አግዶታል።

ግሬት ኖርዘርን እና ኖርዘርን ፓሲፊክ ከሚኔሶታ እስከ ፓሲፊክ ጠረፍ ጎን ለጎን የተዘረጉ መስመሮች ነበሩ። የመጀመሪያውን የሚመራው ጄምስ ሂል ሲሆን ከሁለተኛው ጀርባ ባለባንኩ ጄ. ፒ. ሞርጋን ነበር። በ1901 ሁለቱ ኩባንያዎች ወደ ቺካጎ የሚያስገባቸውን የበርሊንግተን መስመር በጋራ ገዙ። የዩኒየን ፓሲፊኩ ኤድዋርድ ሃሪማን ከግዢው ድርሻ ጠይቆ ሲከለከል፣ የኖርዘርን ፓሲፊክን አክሲዮን በስውር ይሸምት ጀመር። በሽሚያው የተነሳ ሜይ 9 ቀን የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 1,000 ዶላር ደረሰ፤ የሌሎች ኩባንያዎች አክሲዮን ግን አሽቆለቆለ። ባላንጣዎቹ በኖቬምበር ታርቀው በኒው ጀርሲ ሕግ፣ በ400 ሚሊዮን ዶላር ካፒታል ኖርዘርን ሴኩሪቲስን አቋቋሙ።

ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1902 ክስ እንዲመሠረት አደረጉ። የድርጅቱ መከላከያ ቀላል አልነበረም፦ አክሲዮን መግዛት በክልሎች መካከል የሚካሄድ ንግድ አይደለም፤ ድርጅቱም የተቋቋመው በኒው ጀርሲ ፈቃድ ነው የሚል ነበር። ዳኛ ጆን ማርሻል ሃርላን ይህን አልተቀበሉም። ታሪፍ መጨመሩ ባይረጋገጥም፣ ውድድርን የማጥፋት ሥልጣን በአንድ እጅ መግባቱ ብቻ ሕጉን ለመጣስ ይበቃል አሉ። የፍርዱ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው፤ እህሉን የሚጭንበት ሌላ መስመር የሌለው ገበሬ ጉዳቱ እስኪደርስበት መጠበቅ የለበትም።

ዳኛ ብሩወር በውጤቱ ቢስማሙም ምክንያታዊ የሆነ የንግድ ገደብ በሕጉ አይከለከልም ሲሉ ለብቻቸው ጻፉ። ሩዝቬልት ራሳቸው የሾሟቸው ኦሊቨር ዌንዴል ሆልምስ በሐሳብ ተለዩ፤ ፕሬዚዳንቱም እጅግ ተቆጡ። ሆልምስ ሕጉ ስለ ውድድር የሚለው ነገር እንደሌለ፣ ግዙፍነትም በራሱ ወንጀል እንዳልሆነ ተከራክረዋል። ሙግታቸው ዛሬም ክብደት አለው።

አክሲዮኖቹ ለባለድርሻዎች በየድርሻቸው ስለተመለሱ የሂልና የሞርጋን ተጽዕኖ በሁለቱም መስመሮች ላይ ቀጠለ። ኮንግሬስ በኋላ የባቡር ኩባንያዎችን ውህደት የመፍቀድ ሥልጣን ለክልሎች ንግድ ኮሚሽን ሰጠ፤ መመዘኛውም የሕዝብ ጥቅም ሆነ። በዚህ መሠረት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በፌብሩዋሪ 1970 የሁለቱን ኩባንያዎችና የበርሊንግተንን ውህደት አጸደቀ፤ በቀጣዩ ወርም በርሊንግተን ኖርዘርን ሥራ ጀመረ።