የእርጥብ ጨርቅ ሙቀት፦ ላብ የማያድንበት ወሰን

አየሩ 45 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሶ ሰው ጥላና ውሃ ካገኘ ሊቋቋመው ይችላል። 38 ዲግሪ ሆኖ ደግሞ ጤነኛ ጎልማሳን ሊገድል ይችላል። ልዩነቱን የሚያመጣው በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ነው። የአየር ትንበያ የሚነግረን ግን አብዛኛውን ጊዜ ሙቀቱን ብቻ ነው።

ሙቀትንና እርጥበትን በአንድ ቁጥር የሚያጣምረውን መለኪያ እንግሊዝኛው «ዌት በልብ ቴምፐሬቸር» ይለዋል። «የእርጥብ አምፖል ሙቀት» ብንለው አንባቢ የሚያስበው መብራት ነው፤ «በልብ» የተባለው ግን ሜርኩሪው የሚጠራቀምበት የቴርሞሜትሩ ጫፍ ነው። ስለዚህ «የእርጥብ ጨርቅ ሙቀት» ማለቱ ይሻላል፤ አለካኩን ራሱን ይናገራልና። የቴርሞሜትሩ ጫፍ በረጠበ ስስ ጨርቅ ይጠቀለላል፣ ንፋስ እንዲያገኘው ይደረጋል፣ ቁጥሩ መውረዱን ሲያቆም ይነበባል።

ቁጥሩ የሚወርደው ውሃ ሲተን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ነው። የቆላ መንገደኛ ኮዳውን በእርጥብ ጨርቅ የሚጠቀልለውም በዚሁ ምክንያት ነው። አየሩ ደረቅ ሲሆን ትነቱ ይፈጥናል፣ ቁጥሩም በጣም ይወርዳል። አየሩ እርጥበት ከጠገበ ግን ጨርቁ እንደረጠበ ይቀራል፤ ቴርሞሜትሩም ከተራው የአየር ሙቀት ዝቅ አይልም። አንጻራዊ እርጥበቱ 20 በመቶ በሆነበት 45 ዲግሪ ላይ የእርጥብ ጨርቁ ሙቀት ወደ 26 ዲግሪ ገደማ ነው። እርጥበቱ 70 በመቶ በሆነበት 38 ዲግሪ ላይ ግን 33 ይደርሳል።

ገላችንም የሚቀዘቅዘው በዚሁ መንገድ ነው። ብዙዎቻችን ማላብ በራሱ የሚያቀዘቅዝ ይመስለናል፤ የሚያቀዘቅዘው ግን የላቡ መትነን ነው። ሳይተን ተንጠባጥቦ የወረደ ላብ ውሃና ጨው ከማሳጣት በቀር ለገላ የሚሰጠው ነገር የለም። የቆዳችን ሙቀት በአብዛኛው 35 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ የእርጥብ ጨርቁ ሙቀት እዚያ ሲደርስ ገላ ሙቀቱን የሚያወጣበት መንገድ ይዘጋል። ስቲቨን ሸርዉድና ማቲው ሁበር የተባሉ ሳይንቲስቶች በ2010 እ.ኤ.አ. ይህን 35 ዲግሪ የሰው ልጅ የመቋቋም ጣሪያ አድርገው አቀረቡት። ጥላ ሥር ቢቀመጡም፣ ውሃ እንደልብ ቢጠጡም፣ በዚህ ሙቀት ውስጥ ለሰዓታት መቆየት ለሞት ያደርሳል።

ያ ቁጥር የመጣው ከስሌት ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት የፔንስልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጤነኛ ወጣቶችን በሙቀት ክፍል ውስጥ ሲፈትኑ፣ እርጥበት በበዛበት አየር የገላቸው ሙቀት ያለማቋረጥ መጨመር የጀመረው የእርጥብ ጨርቁ ሙቀት ገና 31 ዲግሪ ገደማ ላይ ሳለ ነበር። እኔ ከሁሉ አስደንጋጭ ሆኖ ያገኘሁት ይህንን ነው፤ ለአዛውንትና ለልብ ሕመምተኛ ወሰኑ ከዚህም ዝቅ ይላል።

ነገሩ የሩቅ ዘመን ትንቢት አይደለም። በ2020 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ አድቫንስስ» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት በፓኪስታን ጃኮባባድና በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ራስ አል ኸይማ የእርጥብ ጨርቁ ሙቀት ለአጭር ጊዜ 35 ዲግሪን አልፎ መመዝገቡን አሳይቷል። ራስ አል ኸይማ ያለችበት የባሕረ ሰላጤ ውሃ ጥልቀት የለውም፤ በበጋ በጣም ይሞቃል፣ እርጥበቱንም በዳርቻው ባሉ ከተሞች ላይ ይለቃል። በእነዚያ ከተሞች እጅግ ብዙ ወገኖቻችን ይሠራሉ።

የባሕረ ሰላጤው አገሮች በበጋ የቀትር ሥራን የሚከለክል ደንብ አላቸው። በኤምሬቶች ክልከላው ከቀኑ 6፡30 እስከ 9፡00 ሰዓት ነው። ነገር ግን የባሕር እርጥበት ፀሐይ ከጠለቀችም በኋላ አየሩን እንደሞላው ስለሚቆይ፣ ሰዓትን ብቻ የሚያይ ደንብ አደጋውን በከፊል ነው የሚሸፍነው። ኳታር በ2021 እ.ኤ.አ. የተሻለ መንገድ ጀመረች። ከሰዓት ክልከላው በተጨማሪ የእርጥብ ጨርቁን ሙቀት ከፀሐይ ጨረርና ከአየር ሙቀት ጋር የሚያጣምር መለኪያ 32.1 ዲግሪን ካለፈ፣ ሰዓቱ ምንም ይሁን ምን ሥራ እንዲቆም ደነገገች። ሌሎቹም ይህን ሊከተሉ ይገባል። ያም ሆኖ እነዚህ የቀትር ክልከላዎች የተጻፉት ደጅ ለሚሠራ ሰው ነው። ማቀዝቀዣ በሌለው ማእድ ቤት ምድጃ ሥር ቆማ ለምትውለው የቤት ሠራተኛ፣ የእርጥብ ጨርቁ ቁጥር የትኛውም ላይ ቢደርስ፣ ሥራ አቁሚ የሚላት አንቀጽ በውስጣቸው የለም።