ፊደላችንና የኮምፒዩተር ቁጥር

በቦሌ መንገድ ዳር ካሉት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቆች ወደ አንዱ ጎራ ቢሉ፣ የቆየ ደብዳቤው በአማርኛ ፈንታ የላቲን ምልክት ሆኖበት የሚጨነቅ ሰው ዛሬም አያጡም።

ነገሩ ታሪክ አለው። የቀድሞው የአማርኛ መጻፊያ መኪና ቁልፎቹ ጥቂት ስለ ነበሩ ፊደሉን ከነቅጥሉ በክፍልፋይ ያትም ነበር። ኋላ የመጡት ኮምፒዩተሮችም ለፊደል የሰጡት 256 ቦታ ብቻ ሲሆን፣ እኩሌታው አስቀድሞ በላቲን ፊደል፣ በአኃዝና በትእዛዝ ተይዟል። የእኛ ፊደል ግን 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ ያውም ዲቃሎቹ፣ አኃዙና ነጥቦቹ ሳይቆጠሩ! ስለዚህ እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ያሉት የቀድሞ ሥራዎች የአማርኛውን መልክ በላቲኑ ቁጥር ላይ አለበሱት፤ አለባበሱም በየሠሪው ይለያይ ነበር። ብልሃቱ አይነቀፍም፤ ቢሮዎቻችን ለዓመታት የሠሩት በእርሱ ነውና።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ እያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር አገኘ፤ «ሀ» 4608፣ «ለ» 4616 ሆኑ። በ2007 የወጣው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ መጣ።

እንግዲህ ሰነድዎ በባዶ አራት ማዕዘን ቢሞላ የጎደለው ፎንት ነው። የላቲን ምልክት ከታየ ግን በቀድሞው ስልት የተጻፈ ነውና፣ በተለይ የአገልግሎት ዘመን ወይም የቤት ይዞታ የሚመሰክር ከሆነ፣ ከቶ አይሰርዙት። ቃሉ አልጠፋም፤ ልብሱ ብቻ ወልቋል። አስቀድመው ግልባጭ ያስቀሩ፤ ቀጥሎ የፎንቱን ስም ከማሳያው ያንብቡ። ያንኑ ፎንት ሲጭኑ ጽሑፉ ይመለሳል፤ ከዚያ ወደ ዩኒኮድ ያስለውጡት፤ የተለወጠውንም ከዋናው ጋር ቃል በቃል ያመሳክሩ።