ያልተጠየቀችው አንዲት ጥያቄ

 ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

በዛሬው የታሪክ ዝግጅታችን ስለ አንዲት ጥያቄ እናወጋችኋለን። ከአንድ ሺህ አንድ መቶ ዓመት በፊት አንድ ታላቅ ሐኪም ለበሽተኛው ማቅረብ ሲገባው የረሳት ጥያቄ ናት። ሐኪሙ ግን መርሳቱን አልደበቀም፤ ጻፈው። እኛም በሚዛን ተፈሪና በቴፒ፣ በቡናው ጥላ ሥር የምንኖር ሰዎች፣ ከጻፈው ብዙ የምንማረው አለን።

አስቀድመን በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን ከሆነው እንነሳ። ኢማም አቡ ዳውድ ከጃቢር (ረ.ዐ.) ይዘው እንደዘገቡት፣ ሶሐቦች በጉዞ ላይ ሳሉ አንዱ በድንጋይ ተመትቶ ራሱን ቆሰለ። ከዚያም ገላ መታጠብ ግዴታ ሆነበትና በተየሙም መብቃቃት ይችል እንደሆነ ጓደኞቹን ጠየቀ። እነርሱም ውሃ እያለ አይፈቀድልህም አሉት። ሰውየው ታጠበ፤ ሞተም። ወሬው ለነቢዩ በደረሰ ጊዜ እጅግ ተቆጡ። ሰዎቹ እንደገደሉት፣ የማያውቁትንም መጠየቅ ይገባቸው እንደነበር፣ የአለማወቅ ፈውሱ መጠየቅ እንደሆነ ተናገሩ። ጓደኞቹ ክፉ አላሰቡም። ሳይጠይቁ የሰጡት መልስ ግን ነፍስ አጠፋ። ይህ ሐዲስ በተየሙም ትምህርት ላይ ይነሳል፤ እኛ ዛሬ ይዘነው ወደ ሐኪም ቤት እንሂድ።

አቡ በክር ሙሐመድ ኢብን ዘከሪያ አር-ራዚ በ251 ዓመተ ሒጅራ (በ865 እ.ኤ.አ.) ገደማ ዛሬ ከቴህራን ጋር በተያያዘችው በረይ ከተማ ተወለደ። በረይም በባግዳድም ሆስፒታል መርቷል። ፈንጣጣና ኩፍኝ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች መሆናቸውን አብራርቶ የጻፈ፣ ሐኪም ለማያገኝ ሰው የሚሆን መጽሐፍም ያዘጋጀ ሰው ነው። ኢብኑ ነዲም በ377 ዓመተ ሒጅራ (በ987 እ.ኤ.አ.) ባዘጋጀው የመጻሕፍት ማውጫ ላይ የአር-ራዚን አቀማመጥ ይነግረናል። ተማሪዎቹ በፊቱ፣ የተማሪዎቹ ተማሪዎች ደግሞ ከእነርሱ ቀጥለው ተደርድረው ይቀመጡ ነበር። በሽተኛ ሲመጣ ሕመሙን መጀመሪያ ለሚያገኛቸው ይናገራል። እነርሱ ካላወቁት ወደ ቀጣዮቹ ያልፋል፤ ሁሉም ካቃታቸው አር-ራዚ ራሱ ይናገራል። ሕክምና የሚጀምረው በሽተኛውን ከማድመጥ ነበር ማለት ነው።

ተማሪዎቹ ከማስታወሻዎቹ ባሰባሰቡት «አል-ሐዊ» በተባለው ሰፊ መጽሐፍ ውስጥ ዐብደላህ ኢብን ሰዋዳ የሚባል በሽተኛ ታሪክ ይገኛል። ይህ ሰው ትኩሳት ይመላለስበት ነበር። አንዳንዴ በየቀኑ፣ አንዳንዴ ቀን እየዘለለ፣ አንዳንዴም በአራተኛው ወይም በስድስተኛው ቀን ይመጣበታል። ከትኩሳቱ በፊት ቀለል ያለ ብርድ ብርድ ማለት አለው፤ ሽንቱም ቶሎ ቶሎ ይመጣል። አር-ራዚ ወይ ትኩሳቱ በየአራተኛው ቀን ወደሚመጣው ዓይነት ይለወጣል፣ ወይም ኩላሊቱ ቆስሏል ብሎ ገመተ። ብዙም ሳይቆይ በሽንቱ መግል ታየ፤ የቆሰለው ኩላሊቱ ነበር። አር-ራዚ አከመው፤ በሁለት ወር ያህል ጊዜም ዳነ።

ሌላ ሰው ቢሆን ታሪኩን እዚህ ላይ ይዘጋው ነበር። በሽተኛው ድኗል፣ ሐኪሙም ተመስግኗል። አር-ራዚ ግን ብዕሩን አላስቀመጠም። ከመጀመሪያው እርግጠኛ ሆኖ ያልተናገረው ለምን እንደሆነ ራሱን መረመረ። ሰውየው ሲቆም ወገቡ ላይ ክብደት የተንጠለጠለ ያህል ይሰማው እንደሆነ አልተናገረም፤ እኔም ሳልጠይቀው ቀረሁ ሲል በራሱ ላይ መሰከረ። የበሽተኛው አባት የፊኛ ድካም እንደነበረበትም ያኔ እንዳላወቀ ጨመረ። እንግዲህ የዘመኑ ታላቅ ሐኪም በአንዲት ባልተጠየቀች ጥያቄ ራሱን ከወቀሰ፣ እኛስ?

ይህ ጥበብ በእርሱ አልተጀመረም። አር-ራዚ ደጋግሞ የሚጠቅሰው የኤፌሶኑ ሩፉስ የተባለ የግሪክ ሐኪም፣ በ100 እ.ኤ.አ. ገደማ በሽተኛን ስለመጠየቅ ብቻ አንድ መጽሐፍ ጽፎ ነበር። ምክሩም አስቀድሞ ራሱን በሽተኛውን መጠየቅ ነው። ከአነጋገሩና ከድምፁ ልቡናው የረጋ መሆኑ፣ ጉልበቱም መኖሩ ይታወቃልና። ቤተሰብ የሚጠየቀው በሽተኛው መናገር ሲያቅተው ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ ደግሞ የሐኪም ወርቅነህን ታሪክ እናገኛለን። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በሕፃንነቱ እንግሊዞች ወስደው በሕንድ አሳደጉት፤ በዚያው ሕክምና ተምሮ ከዓድዋ ድል በኋላ ወደ አገሩ መጣ። በዘመናዊ ትምህርት የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም ይህ ሰው ሲመጣ የአገሩን ቋንቋ አያውቅም ነበር። የገዛ ወገኑን «የት ላይ ነው የሚያምህ?» ለማለት አስተርጓሚ ያሻው ነበር!

ይህ ነገር በእኛ ዘንድ ዛሬም አለ። ቤንች፣ ሸኮ፣ ሜኒት፣ ከፋ፣ ሸካና መዠንግር እያንዳንዱ የራሱ ቋንቋ አለው። ቡና በሚደርስበት ወራት ደግሞ ከሌላ አካባቢ ብዙ ሠራተኛ ይመጣል። እናት ስለ ማህፀኗ ሕመም ስትጠየቅ የሚያስተረጉመው የአሥር ዓመት ልጇ ሲሆን አይተናል። ምን ብላ ትናገር? ሚስት ስትጠየቅ ባል ቀድሞ ሲመልስም እንሰማለን። ሩፉስ ከተናገረው ምን ያህል ርቀናል!

አንድ ወጣት እናስታውሳለን። ከደጋ መጥቶ ጀንፈል ቡና በሚቀሸርበት ቦታ ይሠራ ነበር። ትኩሳት ያዘው፤ ጓደኞቹም «ወባ ነው» አሉት። ከአንዱ የተረፈ ኪኒን ዋጠ። አልተሻለውም። ወደ አንድ ክሊኒክ ሄዶ እርሱም «ወባ ነው» አለ፤ ሌላ ጥያቄ ሳይከተል መድኃኒት ተሰጠው። እኛም በመስጂድ ስናገኘው «አላህ ያሽርህ» ብለን አለፍን፤ ጥያቄ አልጠየቅንም። በኋላ በሌላ ቦታ አንዲት ነርስ አስቀምጣ ጠየቀችው። ስንት ጊዜ ሆነህ? ያስልሃል? ሌሊት ያልብሃል? ልብስህ ሰፍቶሃል? ሳሉ ከወር አልፎ ነበር። የቡናው አቧራ ነው ብሎ ለማንም አልተናገረም። አክታው ሲመረመር የሳንባ ነቀርሳ ሆኖ ተገኘ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ሊመረመር እንደሚገባ የጤና ባለሙያዎች ሁሌም ይነግሩናል። ይህ ወጣት ግን ያን ሁሉ ጊዜ ከስምንት ጓደኞቹ ጋር በአንዲት ክፍል ይተኛ ነበር።

በእኛ አገር እያንዳንዷ ጥያቄ ትርጉም አላት። «ወባ ከዚህ በፊት ይዞህ ያውቃል?» የምትባለው፣ ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት በጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ስለሚያገረሽ ነው። ቆዳውን ለሚያሳክከው ሰው «የምትሠራው ወንዝ ዳር ነው?» የምትባለው ደግሞ፣ ኦንኮሰርካን የምታስተላልፈው ጥቁር ዝንብ በፈጣን ወንዝ ስለምትራባ ነው።

ስለዚህ ወንድሞችና እህቶች፣ ሐኪም ዘንድ ስትቀርቡ የበሽታውን ስም ሳይሆን የሚሰማችሁን ተናገሩ። «ምች ነው»፣ «ብርድ ነው» ብላችሁ አትዝጉት። መቼ እንደጀመረ፣ ምን እንደዋጣችሁ፣ የባህል መድኃኒትም ቢሆን፣ አትደብቁ። ለእናቶቻችሁ ሚስጥር የሚጠብቅ አዋቂ አስተርጓሚ ፈልጉላቸው፤ ለሚስቶቻችሁም የመናገሪያ ጊዜ ስጧቸው። እናንተ የጤና ባለሙያዎች ደግሞ፣ ሰልፉ ረጅም መሆኑን እናውቃለን፤ ድካማችሁንም አላህ ይክፈላችሁ። ነገር ግን መድኃኒት ከመጻፋችሁ በፊት አንዲት ጥያቄ ጨምሩ። እኛም የታመመ ስንጠይቅ ዱዓ አድርገን ብቻ አንለፍ፤ «ስንት ጊዜ ሆነህ?» እንበል።

አላህ ሕሙማኖቻችንን ይማርልን። ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።