ዐውደ ምሕረት ሲከለከል፦ የወለጋ የቤት ጸሎት ታሪክ

በ1899 በስዊዘርላንድ፣ ባዝል ከተማ አጠገብ ባለው የቅዱስ ክሪሾና ማተሚያ ቤት፣ በግእዝ ፊደል የተጻፈ ሙሉ የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ታተመ። (እዚህ የሚጠቀሱት ቀናትና ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስለዚህ መጽሐፍ ብዙ ተብሏል፣ ብዙም ተጽፏል። በዚያው ዘመን በዚያው ተርጓሚ እጅ ወደ ኦሮምኛ የተመለሰች አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ግን እምብዛም ስሟ አይነሣም። የሰው ልብ የእግዚአብሔር ቤት ነው ወይስ የሰይጣን ማደሪያ እያለች በሥዕል የምትመረምር መጽሐፍ ናት።

ሥዕሎቿ ለስላሳ አይደሉም። በመጀመሪያው ገጽ ትልቅ ልብ ተሥሏል፤ ውስጡን አውሬዎች ሞልተውታል። ፒኮክ ለትዕቢት፣ ፍየል ለዝሙት፣ አሳማ ለሆዳምነት፣ ኤሊ ለስንፍና፣ ነብር ለቁጣ፣ እባብ ለምቀኝነት፣ ጓጉንቸር ለስስት። ገጹ ሲገለጥ ብርሃን ይገባል፤ አውሬዎቹ ፊታቸውን አዙረው ይወጣሉ። ቀጥሎ ደግሞ የተዘናጋው ሰው ልብ አለ፤ የተባረሩት እንግዶች ተመልሰው ደጅ ቆመዋል። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ሥዕሉን አይቶ «የእኔ የትኛው ነው?» ብሎ ራሱን መጠየቁ አይቀርም። መጽሐፏ የተዘጋጀችውም ለዚሁ ነው፤ ሰው ለብቻው ተቀምጦ ልቡን እንዲመረምር።

መጽሐፏን በ1812 በጀርመንኛ ያወጣት ዮሐንስ ጎስነር ነው። ያኔ የባቫሪያ ካቶሊክ ቄስ ነበር፤ ኋላ ፕሮቴስታንት ሆኗል። ሥዕሎቹን ግን እርሱ አልፈጠራቸውም። በ17ኛው መቶ ዓመት የብሪታኒ ካቶሊክ ሰባኪዎች እንዲህ ያሉ ልቦችን በበግ ቆዳ ላይ እየሣሉ በየመንደሩ ያስተምሩ ነበር። ሰባቱ ኃጢአቶችም ከነርሱ በፊት ረጅም መንገድ መጥተዋል። በ4ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በረሃ የኖረው አባ ኤቫግሪዮስ መነኩሴን የሚዋጉትን ስምንት ክፉ ሐሳቦች ዘረዘረ፤ ዮሐንስ ካሲያን ወደ ምዕራብ ወሰዳቸው፤ በ6ኛው መቶ ዓመት የሮሙ ጎርጎርዮስ ሰባት አደረጋቸው። የኢትዮጵያ ገዳማትም ከዚያው የምሥራቅ መነኮሳት ትምህርት የወረሱት አለ። ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ የሚነበቡበት መጽሐፈ መነኮሳት ስለ ሐሳብ ውጊያና ስለ ልብ ንጽሕና ነው የሚያስተምረው። በዋልድባ ገዳም የሚነበበውና በወለጋዋ ነቀምቴ ሳሎን የሚገለጠው መጽሐፍ፣ በሃይማኖት ድንበር ቢለያዩም፣ በዝምድና የራቁ አልነበሩም።

ተርጓሚው ኦነሲሞስ ነሲብ ናቸው። በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አካባቢ ተወለዱ። ስማቸው ሂካ ነበር። በልጅነታቸው በባሪያ ፈንጋዮች ተሰረቁ፤ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጡ ምጽዋ ደረሱ። እዚያ በ1870 ስዊዘርላንዳዊው ቬርነር ሙንዚንገር ነፃ አውጥቶ ለስዊድን ሚሲዮን ሰጣቸው። በ1872 የትንሣኤ ዕለት ተጠመቁ። ከዚያም ስዊድን ተሻግረው በዮሃኔሉንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ተማሩ።

ኦነሲሞስ በስዊድን ያገኙት ክርስትና የካቴድራል ክርስትና አልነበረም፤ የቤት ክርስትና ነበር። በ1726 የወጣ የስዊድን ሕግ ሰዎች ያለ ካህን በግል ቤት ተሰብስበው እንዳይጸልዩ ይከለክል ነበር፤ የተሻረው ገና በ1858 ነው። በነዚያ ዓመታት ገበሬውና የእጅ ባለሙያው ሕጉን እየጣሰ ማታ ማታ በአንድ ሰው ቤት ይሰበሰብ ነበር፤ አንዱ ያነብባል፣ ሌላው ያዳምጣል፣ ከዚያ ዝም ብለው ይጸልያሉ። ሰዉ «አንባቢዎች» ብሎ ነበር የሚጠራቸው። ወደ ምጽዋ ሰዎቹን የላከው የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን በ1856 የተመሠረተውም በነዚህ ሰዎች መካከል ነው። በአገሩ የቤት ጸሎት የተከለከለበት ሕዝብ ተማሪ፣ ኋላ በነቀምቴ ተመሳሳይ እገዳ ሲገጥመው ምን ማድረግ እንዳለበት አላጣውም።

የመጀመሪያው ዘር ግን የወደቀው ነቀምቴ ላይ ሳይሆን ቦጂ ላይ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ዘሚካኤል ከኤርትራ ተነሥተው ወለጋ ገቡ። በሥርዓት የተሾሙ የኦርቶዶክስ ካህን ነበሩ፤ ስለዚህ ቦጂ ላይ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሆነው በኦሮምኛ ለማስተማር በር ተከፈተላቸው። ብዙው ሕዝብ በቅርቡ ተጠምቆ ነበር፤ ዳዊቱም ውዳሴ ማርያሙም የሚደገመው በግእዝ ነው፤ ምእመኑ ይሰማል እንጂ አይረዳም። እርሳቸው የሚያነብቡለትን ግን ሰው ቤቱ ይዞት ሊሄድ ቻለ። ሥራቸው ብዙ አልዘለቀም፤ በ1905 በእሳት አደጋ አረፉ። አሻራቸው ግን በቦጂ ቀረ፤ ከዚያው ምድር ከተነሡት መካከል ወደ አንዱ ኋላ እንመለሳለን።

ኦነሲሞስ ነቀምቴ የደረሱት በ1904 ነው። ገዥው ደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ፣ በክርስትና ስማቸው ገብረ እግዚአብሔር፣ ተቀበሏቸው። ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ሰው መጣ፤ ክስም መጣ። ጉዳዩ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ አቡነ ማቴዎስ ዘንድ ደረሰና በ1906 ኦነሲሞስ አዲስ አበባ ተጠሩ። ዐፄ ምኒልክ የሰጡት ፍርድ የመካከል ፍርድ ነበር፤ ወደ ነቀምቴ ተመለስ፣ ስብከቱን ግን ተው። ልጅ ኢያሱ በ1916 ፈቃድ እስኪሰጧቸው ድረስ አስር ዓመት ያህል በአደባባይ አልሰበኩም።

እነዚህን አስር ዓመታት ብዙ ጸሐፊ በአንድ መስመር ያልፋቸዋል። በዚህ ጸሐፊ ዐይን ግን የወለጋ ወንጌላውያን የጸሎት ልማድ ቅርጹን የያዘው ያኔ ነው። ዐውደ ምሕረት የለም፤ ያለው ትምህርት ቤትና ቤት ነው። ወደ ኦነሲሞስ ቤት የመጣ ሰው ንባብ ይሰማል፣ ይጠይቃል፣ ይጸልያል፣ ይሄዳል። ከተተረጎሙት መጻሕፍት አንዱ የሉተር ትንሹ ካቴኪዝም ነበር። ካቴኪዝሙ የተጻፈው አባወራ ቤተ ሰቡን እንዲያስተምርበት ነው፤ የጠዋት፣ የማታና የማዕድ ጸሎት አለው። ስለዚህ ጸሎት መሪ ለመሆን ክህነት አላስፈለገም። ፊደል የቆጠረ ልጅ ለአባቱ ያነብባል፤ አባት ያሳርጋል። መዝሙሩም በእጃቸው ነበር፤ ኦነሲሞስ ገና በምጽዋ በር በምንኩሉ ሳሉ የኦሮምኛ የመዝሙር መጽሐፍ አሳትመዋል።

እዚህ ላይ አስቴር ጋኖን መዝለል ግፍ ነው። በባርነት ከአገር የወጡት አስቴር በ1886 የኢጣሊያ መርከበኞች በባሕር ላይ ነፃ ካወጧቸው በኋላ ወደ ምንኩሉ ገቡ። ኦነሲሞስ ከወገናቸው በልጅነት ተነጥለው ስለነበር የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ለትርጉም ሥራ አልበቃቸውም። የቋንቋውን ጓዳ የሚያውቁት አስቴር ናቸው። አምስት መቶ ያህል ተረቶች፣ ምሳሌዎችና ዘፈኖችን ከትዝታቸው ጻፉ፤ በ1894 የታተመው የኦሮምኛ ንባብ መጽሐፍም የእጃቸው ሥራ አለበት። ነቀምቴ ከመጡ በኋላ ልጃገረዶችን አስተማሩ። አንዲት እናት ማታ ልጆቿን ሰብስባ የምታነብበው ኦሮምኛ በሰው አፍ ያለውን ኦሮምኛ የመሰለው፣ እንዲህ ያሉ ሴቶች ስለደከሙበት ነው። አስቴር እስከ 1964 በሕይወት ነበሩ።

ኦነሲሞስ ሰኔ 21 ቀን 1931፣ እሑድ፣ ለጸሎት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ በድንገት ታመው በዚያው አረፉ።

ከዚያ በኋላ ኢጣሊያ መጣች፤ የስዊድንና የአሜሪካ ሚሲዮናውያን ወጡ። ከነቀምቴ በስተ ምዕራብ፣ ደምቢ ዶሎ ላይ፣ የፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን የተከላትን ማኅበር ከያዙት አንዱ ጊዳዳ ሶለን ነበሩ። በ1901 የተወለዱ፣ በአምስት ዓመታቸው ፈንጣጣ ዐይናቸውን ያጠፋው ሰው ናቸው። ማንበብ ላልቻለ ሰው ቃሉ የሚኖረው በጆሮና በትዝታ ብቻ ነው። ጊዳዳ የሰሙትን ይዘው፣ አውጥተው አውርደው፣ ከመንደር መንደር እየተመሩ አስተማሩ፤ ኋላ ቄስ ሆኑ፤ ትዝታቸውም በ1972 በእንግሊዝኛ ታተመ። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ልጃቸው ናቸው። ተመስጦ የሚባለው ነገር የገዳም ብቻ ለሚመስለው አንባቢ፣ አንድ ዐይነ ስውር የወለጋ ወንጌላዊ በመንገድ ላይ ጥቅስ እያመላለሰ ሲሄድ ማሰብ ይበቃዋል።

በ1959 የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ብሔራዊ ቤተ ክርስቲያን ሆና ስትቋቋም ምእመናኗ ሃያ ሺህ ያህል ነበሩ፤ ወለጋ ከዋነኞቹ መሠረቶቿ አንዱ ነው። ዋና ጸሐፊዋ የሆኑት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1929 ቦጂ የተወለዱ፣ በነቀምቴ የሚሲዮን ሆስፒታል የሠሩ ሰው ናቸው። በ1972 ቤተ ክርስቲያኒቱ ለውጭ አጋሮቿ በላከችው ደብዳቤ ላይ የእርሳቸው ሐሳብ ጎልቶ ይታያል፤ የሰውን ነፍስ ከሥጋው ነጥሎ መርዳት አይቻልም፣ ልማትና ወንጌል ተለያይተው አይሄዱም የሚል ነው። ጸሎትን ከዓለም መሸሻ የሚያደርግ ሰው ይህን ደብዳቤ ቢያነብ ይደነግጣል።

በእነዚያው ዓመታት ከወጣቶች መካከል ሌላ ድምፅ ተነሣ። የመንፈስ ቅዱስ መነቃቃት ወደ ምዕራብ ሲደርስ ሌሊቱን ሙሉ መጸለይ፣ መጾም፣ በልሳን መናገር መጣ። በዝግታ አንብቦ በዝግታ መጸለይ የለመዱ ሽማግሌዎች ግር አላቸው፤ አንዳንዱ ቤት አባትና ልጅ ሳይስማሙ ከረሙ። ሽማግሌዎቹ ትክክል ነበሩ ወይስ ወጣቶቹ ማለት ከባድ ነው። ያም ሆነ ይህ መለያየቱ በአብዛኛው ወደ መገንጠል አልደረሰም፤ ሁለቱም ወገን ብዙ ሳይቆይ አንድ ፈተና አገኛቸው።

ደርግ በወለጋ አብያተ ክርስቲያናትን መዝጋት ጀመረ። ቄስ ጉዲና ከአገር እንዲወጡ ዕድል ቢያገኙም እምቢ አሉ፤ ሐምሌ 28 ቀን 1979 አዲስ አበባ ውስጥ ከኡራኤል መካነ ኢየሱስ ሲወጡ ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። ዐፅማቸው የተገኘው በ1992 ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶለሳ ደግሞ በ1980 ታስረው አስር ዓመት ያህል በእስር ቆዩ። በምዕራብ ወለጋ አብዛኛው የጸሎት ቤት ተዘጋ፤ አንዳንዱ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት፣ አንዳንዱ አዳራሽ ሆነ።

ሰዉ ወደሚያውቀው ተመለሰ። በቡድን ቡድን፣ በሰው ቤት፣ ድምፅ ዝቅ አድርጎ። ጎረቤት እንዳይሰማ መዝሙሩ በለሆሳስ ሆነ፤ ብዙ ሰው መሰብሰብ ስለማይቻል የሚያነብበው፣ የሚያዝነውም የሚያጽናናውም ያው ጥቂት ሰው ነበር። የስዊድን አንባቢዎች ከመቶ ዓመት በፊት ያደረጉትን፣ ኦነሲሞስ ከ1906 በኋላ ያደረጉትን፣ የቦጂና የነቀምቴ የልጅ ልጆች ማንም ሳያስተምራቸው ደገሙት። ሌሊት ሲጮኽ ያደረው የመነቃቃት ወጣትም፣ የግድ ሆኖበት፣ የሽማግሌዎቹን ዝግታ ተማረ። ሽማግሌዎቹ በበኩላቸው ከወጣቱ ድፍረትን ወሰዱ።

ከ1991 በኋላ ሕንፃዎቹ እየተመለሱ ሲከፈቱ የገባው ሕዝብ ከተባረረው ይበልጥ ነበር። ቤተ ክርስቲያኒቱ ዛሬ ከአስር ሚሊዮን በላይ ምእመን አለኝ ትላለች። አይራ ላይ በኦነሲሞስ ነሲብ ስም የተሰየመ ሴሚናሪ አለ። ፊደሉም ተለውጧል፤ የዛሬው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በላቲኑ ፊደል በቁቤ ነው የሚነበበው፤ የ1899ኙን እትም አንሥቶ በፍጥነት የሚያነብብ ወጣት ከተገኘ፣ አማርኛ የተማረ መሆን አለበት። በእሑድ ጠዋቱ የድምፅ ማጉያና መዘምራን መካከል የልብ ሥዕሎቹን የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው፤ የቤት ጸሎት ቡድኖች ግን ሕንፃው ከተከፈተም በኋላ አልተበተኑም።