ስምና ባለቤቱ፤ የጋራሞንድ ቅርጸ ፊደል ታሪክ

ጋራሞንድ የሚለው ቃል ስለ ሕትመት የተጻፉ የውጭ አገር ጽሑፎችን የሚተረጉም ሰው ደጋግሞ ከሚያገኛቸው ስሞች አንዱ ነው። የተጸውዖ ስም በመሆኑ ብዙ የሚያሳስብ አይመስልም። ይሁን እንጂ ታሪኩ ሲመረመር ስያሜና ተሰያሚ እንዴት ሊለያዩ እንደሚችሉ የሚያሳይ ሆኖ እናገኘዋለን።

ክሎድ ጋራሞን በፓሪስ የኖረና በ1561 የሞተ ፊደል ቀራጭ ነበር (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የቀረጻቸው የላቲን ፊደሎች የብርዕ ጽሕፈትን ጠባይ የያዙ ናቸው። የጭረቶቹ ውፍረትና ቅጥነት በመጠኑ ይለያያል እንጂ አይራራቅም፤ የክቦቹ ስስ ክፍል ዘመም ይላል፤ የጭረቶቹም ጫፍ ሰሪፍ በምትባለው ትንሽ ተቀጥላ ለስለስ ብሎ ያበቃል። ገጹ የረጋ መልክ ስለሚኖረው ረጅም ንባብ ላላቸው መጻሕፍት ሲመረጥ ኖሯል።

ጋራሞን ከሞተ በኋላ መቅረጫዎቹና ሻጋታዎቹ በሽያጭ ተበተኑ። ከፊሉ በአንትወርፕ ለነበረው አታሚ ለክሪስቶፍ ፕላንታን ደረሰ፤ ዛሬም በዚያው ከተማ በቤተ መዘክር ይገኛል። በ1592 በፍራንክፈርት የታተመ የናሙና ገጽም ፊደሎቹን በጋራሞን ስም ለይቶ አሳይቷል።

ስሕተቱ የመጣው በሌላ በኩል ነው። የፈረንሳይ መንግሥት ማተሚያ ቤት በእጁ የነበሩ የቆዩ ሻጋታዎች በ19ኛው መቶ ዓመት የጋራሞን ሥራ ተባሉ። ይህንኑ በመከተል በ1917 በአሜሪካ፣ በ1922 ደግሞ በእንግሊዝ በሞኖታይፕ ኩባንያ «ጋራሞንድ» የተባሉ ፊደሎች ወጡ። በ1926 ቢያትሪስ ዋርድ ፖል ቦዦን በሚል የብዕር ስም በፍለሮን መጽሔት ባወጣችው ጥናት የሻጋታዎቹ ሠሪ ዣን ዣኖን መሆኑን አስረዳች። ዣኖን ናሙናውን በሴዳን ያሳተመው በ1621፣ ማለትም ጋራሞን ከሞተ ከ60 ዓመት በኋላ ነበር።

እውነቱ ቢታወቅም ስሙ አልተለወጠም። በአንጻሩ ያን ቺኾልት ከ1592ቱ ናሙና ተነሥቶ የሠራውና በ1967 የወጣው ፊደል፣ ለጋራሞን ሥራ ይበልጥ የቀረበ ሳለ፣ «ሳቦን» ይባላል። ስለዚህ ተርጓሚ «ጋራሞንድ» ሲል የአውጪውን ስምና ዓመቱን ቢጨምር መልካም ነው።

ሰሪፍንም በአማርኛ ለመሰየም ስንነሣ ይኸው ጥንቃቄ ያስፈልገናል። «እግር» እንዳንለው በፊደላችን የእግር መርዘምና ማጠር «በ»ን ከ«ባ» የሚለይ እንጂ ድምፅ የማይለውጥ ተቀጥላ አይደለም። «ዘርፍ» እንዳንለው፣ በድምፅ ቢቀርብም፣ ሰዋስው አስቀድሞ ይዞታል። «ጌጥ» ማለትም የጭረቱን ጫፍ የመዝጋት ተግባሩን ይሸሽጋል። የሚስማማ ቃል እስኪገኝ ድረስ «ሰሪፍ» ብሎ ፍችውን መጻፍ ይሻላል እንላለን፤ በችኮላ የተሰጠ ስም ማረሚያው ከወጣ በኋላም እንደሚኖር ጋራሞንድ ምስክር ነውና።