ሁለቱ እርሳሶች፦ የትንንሾቹ ጀግኖች ታሪክ

«ስትሬንጀር ቲንግስ» የተባለውን ተከታታይ ፊልም ያየ ሰው በ2016 የወጣውን የመጀመሪያውን ክፍል አይረሳውም። አራት ልጆች ምድር ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። አንደኛው ያወራል፣ ሌሎቹ ትንፋሻቸውን ውጠው ያዳምጣሉ። ከዚያ ተራኪው ባለ ሁለት ራስ ጭራቅ የሆነች ትንሽ ቅርጽ አንስቶ ጠረጴዛው ላይ ዷ! ያደርጋታል። ልጆቹ ይደነግጣሉ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ጭራቁ ወሬ ነበር። አሁን ግን ቦታ አለው፤ ከማን በስንት እርምጃ እንደሚርቅ በዓይን ይታያል።

ጨዋታው «ደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ» ይባላል። ለማያውቀው ባጭሩ እንዲህ ነው፦ አንዱ ተራኪና ዳኛ ይሆናል፣ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው የአንድን ሰው ሚና ይይዛሉ፤ ተዋጊ፣ አስማተኛ፣ ሌባ ወይም ሌላ። ተራኪው የተፈጠረውን ይናገራል፣ ተጫዋቾቹ ምን እንደሚያደርጉ ይመልሳሉ፣ የሚያጠራጥረውን ነገር ዳይስ ይወስነዋል። ያቺ ጠረጴዛ ላይ ያረፈችው ቅርጽ ደግሞ ሚኒያቸር ትባላለች። አብዛኛዎቹ የሰው ሚኒያቸሮች ቁመታቸው ከሦስት ሳንቲ ሜትር ብዙም አይርቅም።

እንግዲህ ጥያቄው ይኸውላችሁ። ሁሉ ነገር በወሬና በምናብ የሚሄድ ከሆነ አሻንጉሊቱ ለምን አስፈለገ? ደግሞስ ሰዎች በመቶዎች እየገዙ መደርደሪያ የሚያጨናንቁት ምን አግኝተው ነው? መልሱ ታሪኩ ውስጥ ስላለ ወደ ኋላ እንሂድ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከመሄዳችን በፊት ግን አንድ ነገር። በአማርኛ እርሳስ ስንል መጻፊያውንም፣ ከባዱንም ብረት ነው። ሌላ ቋንቋ ለሁለቱ ሁለት ስም ያወጣል፤ ለዛሬው ወጋችን ግን የእኛው ይመቻል። የዚህ ጨዋታ ታሪክ በሁለቱ እርሳሶች መካከል ያለ የረጅም ጊዜ ጭቅጭቅ ነውና። አንደኛው እርሳስ ወረቀት ላይ ይጽፋል፤ ርካሽ ነው፣ ማንም አለው። ሁለተኛው እርሳስ ቀልጦ ጀግና ይሆናል፤ ያምራል፣ ግን ይገዛል።

ከንጉሥ ቤት እስከ ሳሎን

ጨዋታው የተወለደው ከጦር ሰፈር ነው። በ1812 ፎን ራይስቪትዝ የተባለ ፕሩሲያዊ ለንጉሡ ለፍሬድሪክ ዊልሄልም ሦስተኛ አንድ የጨዋታ ጠረጴዛ አበረከተ። ጠረጴዛው ላይ ኮረብታና ወንዝ የተቀረጸባቸው ሰሌዳዎች ይገጣጠማሉ፣ በላያቸው ጦር ይሰለፋል። በ1824 የዚሁ ሰው ልጅ፣ መኮንን የነበረው፣ ደንቡን አሻሽሎ አሳተመውና የፕሩሲያ ሠራዊት መኮንኖቹን ማሠልጠኛ አደረገው። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው አንድ ነገር ነው። ተጫዋቾቹ ትእዛዛቸውን ለዳኛ ይሰጣሉ፣ ዳኛው ዳይስ ጥሎ የሆነውን ይነግራቸዋል። ሁሉን የሚያውቀው ተራኪ ቅድመ አያቱ ይህ ዳኛ ነው።

ጦሩ ከመኮንኖች እጅ ወጥቶ ሳሎን የገባው ዋጋው ሲወርድ ነው። በ1893 የእንግሊዙ የብሪቴንስ ድርጅት ወታደሮችን ውስጣቸው ባዶ አድርጎ ማፍሰስ ጀመረ። ባዶ ማለት ብረት መቆጠብ ነው፤ ብረት መቆጠብ ደግሞ ዋጋ መቀነስ። የእርሳስ ወታደር የመካከለኛ ገቢ ቤተሰብ ልጆች መጫወቻ ሆነ። ልጆች ብቻ ግን አልነበሩም። የሳይንስ ልቦለድ አባት ከሚባሉት አንዱ ኤች ጂ ዌልስ በ1913 «ሊትል ዎርስ» የተባለ መጽሐፍ አሳትሞ፣ ትልልቅ ሰዎች ወለል ላይ ተንበርክከው በስፕሪንግ በሚተኩስ የአሻንጉሊት መድፍ እንዴት እንደሚዋጉ ደንብ ጻፈላቸው። የዌልስ ክርክር ጦርነት ያማረው ሰው በአሻንጉሊት ይዋጋ፣ እውነተኛውን ይተወው የሚል ነበር። በዓመቱ አንደኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳ።

ሃያው ሰው አንድ ሲሆን

አሁን ወደ አሜሪካ እንሻገር፤ ዊስኮንሲን ውስጥ ወዳለችው ሌክ ጄኔቫ የተባለች ትንሽ ከተማ። ጋሪ ጋይጋክስ የተባለ ሰው የዌልስን ዓይነት ጨዋታ የሚወዱ ሰዎችን በ1968 ሰብስቦ ጄን ኮን የተባለውን ዓመታዊ ስብሰባ ጀመረ። በ1971 ደግሞ ከጄፍ ፔረን ጋር «ቼይንሜይል» የተባለ የመካከለኛው ዘመን ጦርነት ደንብ አወጣ።

የታሪኩ መታጠፊያ እዚህች ደንብ ውስጥ ነው። በትልልቁ ውጊያ አንድ አሻንጉሊት ሃያ ሰው ይወክላል። ሃያ ሰው ሲሞት አንድ አሻንጉሊት ታነሳላችሁ፤ ማንም አያዝንም። ነገር ግን ደንቡ ሰው ለሰው የሚፋለምበት ክፍልም ነበረው፤ እዚያ አንዱ አሻንጉሊት አንድ ሰው ነው። አንድ ሰው ከሆነ ደግሞ ስም ይኖረዋል። ስም ካለው መሞቱ ያሳዝናል። ከመጽሐፉ መጨረሻ ላይ አስማተኛና ዘንዶ የሚያስገባ ጭማሪ ክፍል ነበር።

በዚያው ሰሞን በሚኒሶታ ዴቪድ ዌስሊ የተባለ ተጫዋች ለእያንዳንዱ ሰው ጦር ከመስጠት ይልቅ የራሱ ዓላማ ያለው የአንድ ሰው ሚና ሰጥቶ ሞከረ። ጓደኛው ዴቭ አርነሰን ሐሳቡን ወስዶ «ብላክሙር» የተባለ የምናብ አገር ፈጠረ። ተጫዋቾቹ ከግንብ ሥር ወዳለ ጨለማ ዋሻ ይወርዳሉ፣ ከሞት ከተረፉ በሚቀጥለው ሳምንት ያው ሰው ሆነው፣ ከበፊቱ በርትተው ይመለሳሉ። ጋይጋክስና አርነሰን ተገናኙ፤ በጥር 1974 «ደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ» በሦስት ትንንሽ መጻሕፍት ወጣ። ዋጋው 10 ዶላር፣ የመጀመሪያው ኅትመት 1,000 ቅጂ ነበር።

ሽፋኑ ላይ ጨዋታው በወረቀት፣ በእርሳስና በሚኒያቸር የሚጫወቱት መሆኑ ተጽፏል። ሁለቱም እርሳሶች ጎን ለጎን ማለት ነው። መጽሐፉን ስትገልጡት ግን ሚኒያቸር የግድ አይደለም፣ ካለ ለዓይን ያምራል የሚል ምክር ታገኛላችሁ። ከወታደር አሻንጉሊት የተወለደው ጨዋታ ገና ከመጀመሪያው ያለ አሻንጉሊትም እኖራለሁ አለ። ቢልም ቋንቋው አልለቀቀውም። በ1978 የወጣው የተጫዋቾች መጽሐፍ አንድ ሰው የሚሮጥበትን ርቀት አሁንም የሚለካው በኢንች፣ ማለትም በጠረጴዛው ላይ በሚለካ ርቀት ነበር።

ከፌስታል የወጡ ጭራቆች

የዚህን ታሪክ ምርጥ ክፍል ለብቻው ያስቀመጥኩት ሆን ብዬ ነው።

ጋይጋክስ ዘንዶ በፈለገ ጊዜ የዘንዶ ሚኒያቸር እንደ ልብ የሚገኝበት ሱቅ አልነበረም። ምን አደረገ? የፕላስቲክ ዳይኖሰር ገዝቶ፣ ቆራርጦና ለጣጥፎ ዘንዶ አደረገው። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሆንግ ኮንግ የተሠሩ፣ በርካሽ የሚሸጡ የፕላስቲክ እንስሳት በፌስታል ገዛ። «የቅድመ ታሪክ እንስሳት» ይባሉ እንጂ በምድር ላይ እነሱን የሚመስል ፍጥረት ኖሮ አያውቅም። አንዱ ጅራቱ ጫፍ ላይ የአውሮፕላን መዘውር የመሰለ ነገር አለው። ሌላው ምንቃር ያለው ድብ ይመስላል። ሦስተኛው ጀርባው ድንጋይ የለበሰ ይመስላል።

ሌላ ሰው ቢሆን ስቆ ለልጁ ይሰጣቸው ነበር። ጋይጋክስ ግን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣቸውና ይሄ ምን ያደርጋል? ብሎ ጠየቀ። ባለ መዘውሩ የነካውን ብረት አዝጎ የሚበላ ጭራቅ ሆነ፤ የብረት ልብስ ለለበሰ ጀግና ከሰይፍ የባሰ ፍርሃት ነው። ባለ ምንቃሩ ግማሹ ጉጉት ግማሹ ድብ ሆነ። ባለ ድንጋይ ጀርባው መሬት ውስጥ እየዋኘ ከሥር የሚወጣ አዳኝ ሆነ። ሁለቱ በ1975፣ ሦስተኛው በ1976 ታትመው ወጡ፤ ዛሬም በጨዋታው መጽሐፍ ውስጥ አሉ።

ልብ በሉ። ብዙ ሰው መጀመሪያ ሐሳቡ ይመጣል፣ ከዚያ አሻንጉሊቱ ይሠራለታል ብሎ ያስባል። እዚህ ግን አሻንጉሊቱ ቀደመ። ምናብን ያስነሳው የተበላሸ ርካሽ ፕላስቲክ ነው። አሻንጉሊት ለምን አስፈለገ ላልነው ጥያቄ አንዱ መልስ ይህ ነው፦ እጅ የያዘውን ነገር አፍ ታሪክ ያወጣለታል።

«እኔ በሩ ጋ ነበርኩ»

ሁለተኛው መልስ ከሥነ ጥበብ ይልቅ ከጠብ ጋር የሚያያዝ ነው። ጨዋታው በወሬ ብቻ እየሄደ ነው እንበል። አስማተኛዋ የእሳት ኳስ ወረወረች፤ ኳሱ ካረፈበት ስድስት ሜትር ገደማ ዙሪያውን ያለውን ሁሉ ያቃጥላል።

«በል አንተም ተቃጥለሃል» ይላል ተራኪው።

«እንዴ! እኔ እኮ በሩ ጋ ነበርኩ።»

«ኧረ ሳጥኑን እከፍታለሁ ብለህ መሀል ገብተህ ነበር።»

«ከዚያ በኋላ ተመልሻለሁ!»

ግማሽ ሰዓት ሄደ። ሚኒያቸር ካለ ግን ክርክር የለም። ጠረጴዛው ላይ በካሬ የተከፋፈለ ወረቀት ይነጠፋል፤ በ2000 በወጣው ሦስተኛው ዕትም አንዱ ካሬ አንድ ኢንች ሆኖ አምስት ጫማ፣ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ይወክላል። አንድ ሰው አንድ ካሬ ይይዛል፣ ፈረስ የሚያክል አራት ካሬ፣ ከዚያ የገዘፈ ዘጠኝ። እሳቱ ከመሀል በየአቅጣጫው አራት ካሬ ይደርሳል። ቆጥራችሁ ትጨርሳላችሁ። ዓይናፋር ሆኖ ድምፁ የማይሰማው ተጫዋችም ቢሆን ምስሉ ቆሞለታል፤ ተረስቶ አይቀርም።

የእርሳስ ተራራ

ገበያው ይህንን ለማየት ጊዜ አልፈጀበትም። በ1975 በሲንሲናቲ ራል ፓርታ ተቋቋመ፤ ዋናው ቀራጺው ቶም ማየር ገና አሥራዎቹን ያልጨረሰ ልጅ ነበር። በእንግሊዝ በ1975 የተመሠረተው ጌምስ ወርክሾፕ በ1970ዎቹ መጨረሻ ሲታደል የተባለውን ፋብሪካ ከብራያን አንሰል ጋር አቋቋመ፤ በ1983 የራሱን «ዋርሃመር» አወጣ። አሠራሩ ቀላል ነው። ቀራጺው ሊጥ ከመሰለ ነገር አንዱን በእጁ ይሠራል፤ በእሱ የጎማ ፎርማ ይዘጋጃል፤ ፎርማው እየተሽከረከረ የቀለጠ ብረት መሀሉ ላይ ይፈስበታል፤ ሽክርክሪቱ ብረቱን እስከ ሰይፉ ጫፍ ይገፋዋል።

ከዚያ የገዢው ሥራ ይመጣል። ትርፍ ብረቱን መሞረድ፣ መነሻ ቀለም መቀባት፣ በቀጭን ብሩሽ ልብስና ፊት መሥራት፣ የቀጠነ ጥቁር ቀለም አፍስሶ ጥላ ማውጣት፣ በመጨረሻም ብሩሹን ጨርቅ ላይ ጠርጎ ሊደርቅ ሲል ከላይ ከላይ ማስኬድ። አንዱ ምስል አንድ ምሽት ይበላል። መግዛት ግን አምስት ደቂቃ ነው። ውጤቱን መገመት አያቅትም፦ ያልተቀባ፣ ያልተጫወተ፣ ሳጥን ውስጥ የሚተኛ ሠራዊት። ሰብሳቢዎቹ ራሳቸው «የእርሳስ ተራራ» ብለው ይቀልዱበታል።

እርሳሱ ግን ሳይቆይ ሄደ። መርዝ ነዋ! በ1993 በኒውዮርክ ግዛት የእርሳስ ምስሎችን የሚከለክል ሕግ ሲታሰብ ራል ፓርታን ጨምሮ አምራቾች እርሳስ ወደሌለበት ቅይጥ ዞሩ፤ ዋጋም ጨመረ። በ2003 የጨዋታው ባለቤት ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት ቀለም ተቀብተው የሚመጡ የፕላስቲክ ምስሎችን ማውጣት ጀመረ። ብሩሽ ለማይይዝ ሰው ግልግል ነው። ችግሩ ሳጥኑ እስኪከፈት ውስጡ ያለው አይታወቅም። ዘንዶ የፈለገ ሰው ሎተሪ ይቆርጣል። በ2008 የወጣው አራተኛው ዕትም ደግሞ ያለ ካሬና ያለ ምስል ለመጫወት አስቸጋሪ ሆነ። ብዙ ተጫዋች አጉረመረመ፤ በ2014 አምስተኛው ዕትም ሚኒያቸርን እንደገና «ከፈለጋችሁ» አደረገው። ከ40 ዓመት በኋላ ተመልሶ የ1974ቱ ምክር።

ከዚያ ወዲህ በሩ እየሰፋ ነው። በ2012 ሪፐር የተባለው ድርጅት ለርካሽ የፕላስቲክ ምስሎች በኪክስታርተር ገንዘብ ሲያሰባስብ ከ3.4 ሚሊዮን ዶላር በላይ አገኘ። ዛሬ የሦስት አቅጣጫ ማተሚያ ያለው ሰው ፋይል አውርዶ ጀግናውን ቤቱ ያትማል። ተራራው ግን ወደ ኮምፒውተር ተዛወረ እንጂ አልጠፋም፤ ያልታተመ ፋይል ያልተቀባ እርሳስ ዘመድ ነው።

ታዲያ ምን እንግዛ?

ሰብሳቢን መውቀሴ አይደለም። ሰብሳቢዎች ባይኖሩ የ1970ዎቹ ቅርጾች ቀልጠው ይቀሩ ነበር። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አንድ ጀማሪ የተዋቡትን ምስሎች በቪዲዮ አይቶ፣ ዋጋቸውን ሰምቶ ይሄ ለእኔ አይደለም ብሎ ሲሄድ። ታሪኩ የሚለው ተቃራኒውን ነው። ጨዋታውን የፈጠሩት ሰዎች ዕቃው አልነበራቸውም። ዳይኖሰር ቆረጡ፣ የፌስታል ጭራቅ ሰየሙ።

እኛ ሰፈር ዳማ በቆርኪ ይጫወታሉ። አንዱ ወገን ቆርኪውን ይገለብጣል፣ ሌላው አይገለብጥም፤ አለቀ። ቆርኪ ስለሆነ ዳማ አይደለም ያለ ሰው አልሰማሁም። ሚኒያቸርም እንዲሁ ነው፤ ሥራው «እዚህ ነኝ» ማለት ነው። ያንን አዝራርም፣ ባቄላም፣ ቆርኪም ይችለዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ በመጻፊያው እርሳስ ጀምሩ። ስም አውጡለት፣ ምን እንደሚፈራ ጻፉ፣ ቆርኪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡና ከአንድ ሁለት ዘንዶ አስተርፉት። ከዚያ በኋላ ገንዘብ ተርፏችሁ ሐውልት ልታሠሩለት ብትፈልጉ፣ ቢያንስ የማንን ሐውልት እንደምታሠሩ ታውቃላችሁ።