የማንን ወረቀት አስመሰሉ? ቀደምት የኮምፒዩተር ሥዕል ከሐይቅ ብራና አንጻር



የኮምፒዩተር ሥዕል ታሪክ ሲወሳ ዘወትር የሚነሣው ቀለሙና ብሩሹ ነው። እኔ ዛሬ የምናገረው ስለ ወረቀቱ ነው።

ሪቻርድ ሹፕ በካሊፎርኒያው የዜሮክስ የምርምር ማዕከል «ሱፐርፔይንት»ን ለሥራ ያበቃው እ.ኤ.አ. በ1973 ነበር፤ 256 ቀለማት ነበሩት። በ1984 ከማኪንቶሽ ጋር የወጣው «ማክፔይንት» ጥቁርና ነጭ ብቻ ቢሆንም ሥዕልን ወደ ተራው ሰው ጠረጴዛ አወረደ። የሁለቱም ገጽ ግን ልሙጥ ነበር፤ እጅ ቢለሰልስም ቢጫንም መስመሩ ያው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1991 ማርክ ዚመርና ቶም ሄጅስ «ፔይንተር»ን አወጡ። በቀለም ቆርቆሮ አሽገው ነው የሸጡት፤ ንግዱንም ያውቁበት ነበር። ብልሃታቸው ባዶውን ገጽ ጉብታና ጎድጓዳ መስጠታቸው ነው። እያንዳንዱ ነጥብ የከፍታ ቁጥር አለው። ግፊትን የሚለይ ብዕር ለስለስ ብሎ ሲሄድ ከሰሉ ጉብታውን ብቻ ይነካል፤ ሲጫኑት ወደ ጎድጓዳው ይወርዳል። ኮምፒዩተር ለሠዓሊው እጅ እምቢ ማለትን የተማረው በዚህ መንገድ ነው።

ይህን ሥራቸውን «ተፈጥሯዊ» ብለው ሰየሙት። እዚህ ላይ የታሪክ ሰው ቆም ማለት ይኖርበታል። ያስመሰሉት በእጃቸው የነበረውን የውኃ ቀለም ወረቀትና ሸራ ነው። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በሐይቅ እስጢፋኖስ ግን እ.ኤ.አ. በ1280/81 የተጻፈው የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል ሥዕሎች ያረፉት በብራና ላይ ነው። ብራና የጠጉር በኩልና የሥጋ በኩል አለው። የጠጉሩ በኩል ጠቆር ይላል፤ የጠጉር ሥሮቹም እንደ ነቁጥ ይታያሉ። ቁም ጸሐፊው ይህን የሚያውቀው የመቃ ብዕሩ ሲንሸራተትና ሲይዝ ነው።

«ታዲያ ብራናውን ስካን አድርጎ ማስገባት ነው» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፤ ፔይንተርም ሆነ በነፃ የሚገኘው «ክሪታ» ይህን ይፈቅዳሉ። ችግሩ ፕሮግራሙ ከፍታን የሚያነበው ከምስሉ ንጣትና ጥቁረት መሆኑ ነው። እድፍ ለእርሱ ጉድጓድ ነው።

ተማሪዎቼ ምንም ያልተጻፈበት የብራና ቁራጭ ይዘው ሞክረውታል። ከሰሉ በየነቁጡ ዙሪያ እየዘለለ አለፈ፤ በጣት ሲዳስሱት ግን ያ ቦታ ልሙጥ ነው። ደጋግመው ቢያርሙትም የወጣው የቆዳውን ቀለም እንጂ ቆዳውን አልመሰለም። አሁን መብራቱን ከጎን አስጠግተን፣ ጥላው ከፍታውን እንዲናገር አድርገን እንደገና ልናነሣው ነው። ቁራጩ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አለ። ስትወጡ በሁለቱም በኩል ዳስሱት፤ እባካችሁ እጃችሁን ታጥባችሁ።